ሪባኑ ተቆረጠ፤ ሌሊት ማን ያድራል?

ዛሬ ስልኩን ከፍቶ ያንን የጤና ተቋም ምርቃት ፎቶ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሪባኑ፣ መቀሱ፣ ጭብጨባው፣ ከኋላ የተሰለፈው ነጭ ጋውን። ነገሬ ከአንድ ሕንፃ ጋር ስላልሆነ ስሙን አልጠራም። ከሥሩ "እንኳን ደስ አለን" ጎርፏል፤ እኔም ብያለሁ፣ ከልቤ ነው። ብቻ አንድ ሰው መሐል ገብቶ "ሌሊት የሚያድር ባለሙያ ስንት ተመደበለት?" ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ስድብ ወረደበት። ጨለምተኛ፣ ምቀኛ፣ የልማት ጠላት ተባለ፤ አንዱማ "አንተው ታመህ ስትመጣ እናያለን" ብሎ ዛተበት። (ጤና ተቋም ለማመስገን ሲባል በሽታ መመኘት የኛ ፌስቡክ ብቻ የሚችለው ጥበብ ነው።) ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጠያቂ ጥብቅና ነው። የጠየቀው፣ አገው ምድር ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ላለ ሰው ከሕንፃው ይልቅ የሚያሳስበውን ነገር ነውና።

መጀመሪያ የተሳዳቢዎቹን እውነት ልቀበል። ሕንፃና ቅርበት ሕይወት አድነዋል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው፤ ጥናቶቹ እንደዚያ ስለሚቆጥሩ።) በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ሐሳቡ ቀላልም ደፋርም ነበር። በየቀበሌው ለ5,000 ሰው ገደማ አንድ ጤና ኬላ፤ ኬላው ውስጥ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሁለት የአካባቢው ሴቶች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ክትባቱን፣ አጎበሩን፣ የቤተሰብ ምጣኔውን፣ የመጸዳጃ ቤቱን ትምህርት ቤት ለቤት አዳረሱት። በ2000 የተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር፤ በ2019 ቁጥሩ 59 ሆነ። ይህን ያህል ለውጥ በሃያ ዓመት ያሳዩ አገሮች ብዙ አይደሉም። የባንጃና የፋግታ ለኮማ ወረዳዎችን ዳገት በእግሯ ስትወጣ ስትወርድ የኖረች ጤና ኤክስቴንሽን ሐውልት ቢቆምላት አይበዛባትም።

ታዲያ ክርክሬ የት ላይ ነው? እነዚያው ዳሰሳዎች ውስጥ ምርቃት ላይ የማይነበብ ሌላ መስመር አለ። በ2016 በጤና ተቋም የተወለዱት 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 48 በመቶ ደረሱ። በሦስት ዓመት ወደ እጥፍ የተጠጋ ነገር ነው። በእነዚያው ሁለት ዳሰሳዎች በመጀመሪያው ወር የሚሞቱ ጨቅላዎች ከ1,000 ውስጥ 29 የነበሩት 33 ሆነዋል። በናሙና ጥናት ውስጥ 29ና 33 ተቀራራቢ ናቸውና "ጨመረ" አልልም። ግን "ቀነሰ" የሚል ካለ ማስረጃውን ያምጣ። እናቶች የተባሉትን አደረጉ፤ ምጣቸውን ይዘው መጡ፤ ቃል የተገባላቸው ግን አልጠበቃቸውም። አንዳንዱ "ወደ ተቋም የሚመጣው የከፋው ምጥ ስለሆነ ነው" ይላል። ይህ መልስ የአንድን ሆስፒታል ሞት ለማስረዳት ይበቃል፤ ይህኛው ቁጥር ግን ቤት የተወለደውንም ተቋም የተወለደውንም አብሮ የሚቆጥር የአገር ቁጥር ነው፤ ስለዚህ አያስረዳውም። ደግሞ እኛ ብቻም አይደለንም። ሕንድ ከ2005 ጀምሮ በተቋም ለሚወልዱ እናቶች ገንዘብ እየከፈለች ማዋለጃዎቿን ሞላች፤ የጨቅላዎች ሞት ግን በተጠበቀው ልክ አልወረደላትም። በ2018 በተመራማሪዋ ማርጋሬት ክሩክ የተመራው የሕክምና መጽሔቱ የላንሴት ኮሚሽን የታዳጊ አገሮችን ሞት ሲመረምር ሕክምና ሊያድነው ይችል ከነበረው ሞት በዓመት 5 ሚሊዮኑ ሕክምና ቦታ ደርሰው የሞቱ ሰዎች መሆናቸውን አገኘ። ሕክምናውን ሳይጠቀሙ የሞቱት 3.6 ሚሊዮን ናቸው። ደርሰው የሞቱት ካልደረሱት ይበልጣሉ ማለት ነው። ይህ ከታወቀ በኋላም በጀታችንና ካሜራችን በብዛት መድረስ ላይ ናቸው።

ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ክትባት ቀጠሮ ይይዛል፤ ምጥ አይይዝም። ክትባት ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ዓመት የሠለጠነች ልጅ ልትሰጠው ትችላለች። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ አልተነፍስ ላለ ጨቅላ ያለው ጊዜ ደቂቃ ነው። በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው የነቃ ሰው፣ በእጁ ትንፋሽ መርጃው አምቡ ባግ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ የተጠበቀ ደም ማስቆሚያው ኦክሲቶሲን ነው። ዘንገናን እዩ። ለዚህ ክርክር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም፤ ምክንያቱም ዘንገና ዕድለኛ ናት። አስፋልቱ ከሐይቁ አጠገብ ያልፋል፣ እንጅባራ ቅርብ ናት፣ እንጅባራ ላይ አጠቃላይ ሆስፒታል አለ። ችግሩ ርቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ የዘንገና ሰው ስለ ጤና የሚያወራው ባልነበረው። ግን ከኬላው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያው ወደ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን የሚወስደው ያ "ሪፈር" የሚባል ወረቀት ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፦ የሚችለው ሰው እዚህ የለም። በ2016 በአገር ደረጃ በቀዶ ሕክምና የተወለዱት ከ100 ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላይ 21። የገጠር እናት ዳሌ ከአዲስ አበባዋ ስለሚሰፋ አይደለም መቼም። መንግሥት ይህን አይቶ በ2009 ጤና መኮንኖችን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን ጀመረ፤ እኔ እስከማውቀው ድረስ ከጤና ፖሊሲዎቻችን እጅግ ብልህ ከሆኑት አንዱ ነው። ግን ያ ሰው ብቻውን ምን ያደርጋል? የሰመመን ባለሙያ፣ አዋላጅ፣ ደም፣ መብራት ይፈልጋል። አገው ምድር ተወልዶ ኮርቻ ብቻ አይቶ "ፈረሱስ?" የማይል ሰው የለም፤ ሕንፃ ስናይ ግን መጠየቅ ምቀኝነት ሆነ።

እዚህ ላይ ካልተናገርኩት የሚያንቀኝ ነገር አለ፤ ከርዕሱ ብወጣም ታገሡኝ። የኛ አገር የጤና መመረቂያ ጽሑፍ። ርዕሱን ሳላነብ ልንገራችሁ፦ "በእገሌ ወረዳ የእገሌ ነገር መጠንና ተያያዥ ምክንያቶች"። ናሙናው 422 ሰው። ለምን 422? ፎርሙላው 384 ይላል፣ መልስ ለማይሰጡት አሥር በመቶ ይጨመራል፣ አለቀ። ከጎንደር እስከ ጂማ ስንት 422 እናቶች "ስንት ክፍል ተምረሻል? ባልሽስ? ሬዲዮ አላችሁ?" ተብለው ተጠይቀዋል! መደምደሚያውም የታወቀ ነው፦ ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል። እናቲቱ ሁልጊዜ ትመረመራለች፤ የተቋሙ የተረኞች መዝገብ ግን አይመረመርም። ከዚያ ወረቀቱ ይታተማል፣ ጥቅሱ ይቆጠራል፣ እሷ የምትኖርበት ቀበሌ ግን ምን እንደተገኘ ሳይነገረው ይቀራል። ቀበሌው የሚደርሰው ቢኖር "ከቤት ውስጥ ወሊድ ነፃ ቀበሌ" የሚል የምስክር ወረቀት ነው፤ ይህም በመሠረቱ የእናትየውን ታዛዥነት እንጂ የተቋሙን ብቃት አይመሰክርም። ፍትሐዊ ለመሆን፣ አንድ ጊዜ እናቶችን በትክክል ጠይቀናል። ለምን ተቋም አትወልዱም ሲባሉ ብርድ ነው፣ ገንፎ የለም፣ ቡና የለም፣ ዘመድ አያስገቡም አሉ። ስለዚህ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ማገንፋት ጀመሩ፣ የእናቶች ማቆያ ሠሩ፣ ሰውም መጣ። ገንፎው ሠርቷል። አዋላጇስ ምን ትፈልጋለች ብሎ በዚያው ትጋት የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

ከጥቂቶቹ መካከል ተመራማሪዎቹ ካራ ሃንሰንና ዊልያም ጃክ አሉ። በ2010 ባሳተሙት ጥናት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችንና ነርሶችን "ይህን ያህል ደመወዝ ከዚህ ቤት ጋር ወይስ ያንን ያህል ከዚህ መሣሪያ ጋር?" እያሉ አስመረጡ። ባለው ሁኔታ ከከተማ ውጭ እሠራለሁ የሚሉት ሐኪሞች 7 በመቶ ገደማ ነበሩ። ደመወዙ እጥፍ ቢሆን ከግማሽ በላይ ይሄዳሉ። ደመወዙ ሳይነካ ጥሩ መኖሪያ ቤት ብቻ ቢሰጣቸው 27 በመቶ ያህሉ ይሄዳሉ፤ ቤቱ የ46 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ያህል ይመዝናል ማለት ነው። ነርሶቹ ላይ ደግሞ ከደመወዝ ውጭ ከሁሉም በላይ የመዘነው የመሣሪያና የመድኃኒት መኖር ነው። ይህን ደግማችሁ አንብቡት። ነርሷ "የምሠራበት ዕቃ ስጡኝ" ነው ያለችው። "ገጠር አይመቻትም" እየተባለች የምትታማው ነርስ! በእርግጥ ጥናቱ የቆየ ነው፣ ዋጋው ሁሉ ተለውጧል፣ ሰው በጥያቄ ላይ የሚለውና የሚያደርገው ይለያያል። ቢሆንም የሚያሳየው አቅጣጫ ግልጽ ነው፤ ሰው የሚቆየው በሚኖርበት ቤትና በሚሠራበት ዕቃ ነው።

"ድሃ አገር ነን፤ ለየነርሱ ቪላ ልንሠራ ነው?" ይባላል። ቪላ ያለ የለም። ግን የት ላይ ነው ድህነታችን? የሕክምና ትምህርት ቤቶቹን በጣት ከሚቆጠሩ አንስተን ከ20 በላይ ስናደርሳቸው ድሃ አልነበርንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ያስፈልጋል ይላል፤ እኛ ጋ 1 ገደማ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ሐኪም አለን። ስድስት ሰባት ዓመት አስተምሮ መቅጠሪያ የለኝም ማለት ከቤት መሥሪያው የበለጠ ውድ ነው። ዲከረንስ የሚባለው የከሰል ዛፍና ባሕር ዛፍ በሞላበት አገው ምድር ሕዝቡ ለትምህርት ቤቱም ለኬላውም እንጨትና ጉልበት ሲያዋጣ ኖሯል፤ ለተረኛዋ ሁለት ክፍል ቤት አዋጣ ቢባል የሚያንገራግር አይመስለኝም። ያ ሁሉ ዲከረንስ ከሰል ብቻ ሆኖ ከሚቀር አንዴ እንኳ ግድግዳ ቢሆን ምን አለበት። "ለመምህሩስ?" የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው፤ ለእሱም ይገባዋል። "የጤና መድህን መጥቷል እኮ" ለሚለኝ፣ መጥቷል፤ ጎረቤታችን ደቡብ አቸፈርም በ2011 ሙከራው ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ናት፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን መድህኑ የታካሚውን ቁጥር እንጂ የተረኛውን አይጨምርም፤ ካርዱን ይዞ መጥቶ "መድኃኒቱን ውጭ ግዛ" የተባለ ሰው ይህን ከኔ በላይ ያውቀዋል።

የቀረው "መሐላ አለባቸው" የሚለው ነው። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2019 አደባባይ ሲወጡም፣ በግንቦት 2025 ሥራ ሲያቆሙና ሲታሰሩም የተሰማው ይኸው ነው። ሥራ ሲቆም የሚጎዳ ታካሚ አለ፤ ይህን አላቃልልም፤ ያኔ እንጅባራም ባሕር ዳርም ቀጠሮው የተላለፈበት ሰው ቢቆጣ አልፈርድበትም። ነገር ግን መሐላ በሐኪምና በታካሚ መካከል የታሰረ ነው፤ የቀጣሪን ዕዳ አይሸፍንም፣ የቤት ኪራይም አይከፍልም። ደግሞ ክርክሩ ሁሉ በመሐላ ከተዘጋ፣ የሚለቀው ሰው ድምፁን ሳያሰማ ይለቃል። አድማ ዜና ይሆናል፤ መልቀቂያ አይሆንም። ጦርነቱን የሚያነሳም አለ፤ እውነቱን ነው፤ ከነሐሴ 2023 ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ የሆነውን የማያውቅ የለም። ግን ያ የጨቅላዎቹ ሞት የ29ና የ33 ነገር ከዚያ በፊት የተቆጠረ ነው። መንገድ በተዘጋ ቀን ደግሞ ባሕር ዳር የለም፤ ያለው እዚሁ ያደረው ባለሙያ ብቻ ነው። ስለዚህ ጦርነቱ የጠያቂውን ጥያቄ ያከብደዋል እንጂ አያፈርሰውም።

እንጅባራ፣ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ላላችሁ ልጆች፣ የጤናም ሁኑ የኢኮኖሚክስ፦ የዘንድሮ ርዕሳችሁን ካልያዛችሁ ይኸውላችሁ። ባንጃ፣ ጓጉሳ ሽኩዳድ፣ አንከሻ፣ ዳንግላ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት የተቀጠሩት ነርሶችና አዋላጆች ዛሬ ስንቱ አሉ? የሄዱት የት ሄዱ? ያሉት የት ያድራሉ? 422 ሰው አያስፈልግም፤ የደመወዝ መዝገቡና የተረኞች ሰሌዳው ይበቃል። ውጤቱንም በአማርኛና በአገውኛ ጻፉና መጀመሪያ ለቀበሌው ስጡት፤ ጆርናሉ ይቆይ።