ሳላስተምር ያለፍኳት አንቀጽ

ባለፈው ቅዳሜ ለለቅሶ ደባርቅ ወጥቼ ነበር። ከድንኳኑ ስወጣ ጋቢ የተከናነበ ሰው «ቲቸር፣ አላወቁኝም?» አለኝ። የማታ ተማሪዬ ነበር። ያኔ ቀን ቀን ግንበኛ እያሠራ፣ ማታ ማታ የውል ሕግ ይማር ነበር። ዛሬ አነስተኛ የሥራ ተቋራጭ ሆኗል። ሻይ ካልጋበዝኩ ብሎ ያዘኝ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ወሬው ግን አላለቀም።

በግንቦት 2016 ደጋ ላይ አራት መማሪያ ክፍል ሊሠራ ጨረታ አሸነፈ፣ ፈረመ። ክረምቱ እስኪወጣ ሲጠብቅ ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በጥቅምት ሥራ ሊጀምር ሲል የፌሮና የቆርቆሮ ዋጋ ሌላ ሆኖ ጠበቀው። በዚያ ላይ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት!

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን በደብዳቤ አላመለከትክም?» አልኩት።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ውል ሕግ ነው ያሉን? 1731ን እስካሁን በቃሌ እችላታለሁ» አለኝ።

ክው አልኩ።

አይሱዙውን ሸጦ ግድግዳውን አቆመ። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ገንዘቡ አለቀ። ያን ጊዜ ማስተካከያ ቢጠይቅ መሥሪያ ቤቱ «ዋጋህ ቋሚ ነው» አለው። ውሉን ሊያቋርጥ፣ የውል ማስከበሪያውንም ሊወርስ ሆነ። አሁን ፍርድ ቤት ናቸው።

እውነቱን ልናገር። 1731ን ሁለት ሳምንት አስተምሬያታለሁ። የአስተዳደር ውል ግን መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ሁሌም ጊዜ ያጥረናል፤ «አንብቡት» ብዬ አልፈዋለሁ። እዚያ ውስጥ አንቀጽ 3183 አለች። ያልታሰበ ነገር መጥቶ የውሉን ሚዛን ካናጋው፣ የተጎዳው ወገን ሌላው እንዲረዳውና ኪሳራውን እንዲጋራው መጠየቅ ይችላል ትላለች። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ሐሳቡም ከዚያው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 በጦርነቱ የድንጋይ ከሰል ዋጋ ሦስት እጥፍ ሲንር፣ ለቦርዶ ከተማ ጋዝ የሚያቀርበው ኩባንያ ከሰረ። የፈረንሳይ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ታዲያ «ጋዙ አይቋረጥ፣ ኪሳራውን ግን ከተማውም ይካፈል» አለ።

ልብ በሉ፣ ገበያ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠቀሱባት አንቀጽ አይደለችም። ሥራ ጥሎ ለሄደም አይደለችም። ኪሳራውን ሁሉ መንግሥት ይሸከም አላለችም።

ማታ ለሌላ ተማሪዬ ደወልኩ። እሱ ደግሞ በአንድ ወረዳ የፋይናንስ ሥራ ላይ ነው። «ቲቸር፣ በጀቱ የጸደቀው በድሮ ዋጋ ነው። ብፈርምለት ነገ ኦዲተር ‹ተመሳጥረህ ነው› ይለኛል። ፍርድ ቤት ካዘዘኝ ግን እከፍላለሁ» አለኝ። ከዚያ ጨመረ፦ «ደግሞ ሆን ብለው ዋጋ ሰብረው አሸንፈው ‹ጨምሩን› የሚሉም አሉ። እውነተኛ ዋጋ ሞልቶ የተሸነፈው ሰውስ ምን ይበል?»

እሱም እውነት አለው። ለዚህ ነው ብዙ መዝገብ ፍርድ ቤት የሚከማቸው፤ ሕጉ ጠፍቶ ሳይሆን ፊርማው የሚያስፈራ ስለሆነ። ሥራ ሲጓተት ዋጋ ይንራል፣ ዋጋ ሲንር ሥራ ይጓተታል። መገጭ ግድብን ከአስር ዓመት በላይ የጠበቅን የጎንደር ሰዎች ይህን ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልገንም።

ተቋራጭ የሆናችሁ ልጆቼ፣ ዋጋ ሲናጋ በዚያው ሰሞን በጽሑፍ አሳውቁ፤ ደረሰኝ ያዙ፤ ሥራውን አታቁሙ። ጨረታ ላይ ተበደልን የምትሉም አትዘግዩ። በፌዴራሉ አዋጅ 649/2001 እንኳ ለአቤቱታ የተሰጠው አምስት የሥራ ቀን ብቻ ነበር። ወንበር ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ጠይቆ የመጣን ሁሉ ሌባ ነው ብላችሁ አትጀምሩ።

በመመለሻዬ ትምህርት ቤቱን አየሁት። ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያ የለውም። ልጆቹ አጠገቡ ዳስ ውስጥ ይማራሉ። ክረምት እየመጣ ነው።

ይቅርታ ልጄ። ያቺን አንቀጽ ማስተማር ነበረብኝ።