ገና ያልደረስንበት

መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 18ን ስናነብ ብዙዎቻችን ዓይናችን ዕጣው ላይ ያርፋል። ከዕጣው በፊት ግን ሌላ ሥራ ተሠርቷል። ርስት ያልደረሳቸው ሰባት ነገዶች ነበሩ። ኢያሱ ከየነገዱ ሦስት ሦስት ሰው አስመረጠና አገሩን ዞረው እንዲጽፉት ላካቸው። ሰዎቹም ምድሪቱን በእግራቸው አቋርጠው፣ በየከተሞቿ በሰባት ክፍል ጽፈው ወደ ሴሎ ተመለሱ። ዕጣው የተጣለው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ መሄድ፣ ቀጥሎ መጻፍ፣ በመጨረሻ ማካፈል። ማንም ያልሄደበትና ያልጻፈው ምድር ለማን ይካፈላል?

በኮምፒውተር ካርታ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ይህ ምዕራፍ ከአእምሮዬ አይጠፋም። የምጠቀምበት ሶፍትዌር ኪውጂአይኤስ ይባላል። ጌሪ ሸርማን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሲሆን በነፃ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ሥራው እንደ እንጀራ በላይ በላዩ መደረብ ነው። ከታች የመሬቱ ከፍታ፣ በላዩ ወንዞች፣ ከዚያ መንገዶች፣ በመጨረሻም ልናሳየው የፈለግነው ነጥብ ይቀመጣል።

እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ቁጥር አለው። ዳንግላችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ አለፍ ብላ፣ ከግሪንዊች በስተምሥራቅ ወደ 37 ዲግሪ ተጠግታ ትገኛለች። ሁለቱን ቁጥሮች አቀያይራችሁ ብታስገቡ ዳንግላ ከቱኒዚያ ጠረፍ አለፍ ብላ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ትሰጥማለች። ኮምፒውተሩ ግን «ተሳስታችኋል» አይልም። የሰጣችሁትን ይስላል፤ አገሩን የሚያውቀው ሰው ነው።

በዚሁ በወረዳችን፣ በዳንገሽታ ቀበሌ፣ አርሶ አደሮች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውኃ ጥልቀት እየለኩ መዝግበዋል። ዝናቡ በየቀኑ፣ አምስት ጉድጓዶች ደግሞ በየሁለት ቀኑ ይለኩ ነበር። የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው መዝገቡን ከሌሎች ምንጮች ጋር አመሳክረው በ2016 አሳተሙት፤ የአርሶ አደሮቹ ልኬት ለሳይንስ የሚታመን ሆኖ ተገኘ። በጥቂቱ መታመን ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ በጭቃ ወራትም ቢሆን ወደ ጉድጓዱ ወርዶ እውነተኛውን ቁጥር መጻፍ።

አሁን አስቡት። አምስት ነጥብ ብቻ ይዘን የአንድን ቀበሌ ካርታ በሙሉ ቀለም መቀባት እንችላለን። ሶፍትዌሩ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ቦታ በስሌት ገምቶ ይሞላዋል። ሰማያዊው ቀለም ያምራል፤ ነገር ግን የተለካውና የተገመተው በዓይን አይለዩም። ቀለሙ የሚለወጥበትን ቁጥር ከፍ ወይም ዝቅ ብናደርግም፣ አንድም ልኬት ሳይነካ የተቸገረው መንደር የደላው መስሎ ይታያል። መጽሐፈ ምሳሌ ስለ አባይ ሚዛን የሚናገረው ለገበያ ብቻ አይደለም። ካርታም ሚዛን ነው፤ ጉድጓድ የት ይቆፈር፣ ጤና ኬላ የት ይሠራ የሚለው በእርሱ ላይ ይወሰናል።

በወጣቶች ኅብረታችን ለጉብኝት አገልግሎት የሚሆን ካርታ ሠርተን ነበር። ነጥቦቹ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ ተሰለፉ፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነበር። አንዲት እህት ጣቷን ነጩ ላይ አሳርፋ፣ «አያቴ እኮ እዚህ ናት» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። ነጩ ቦታ «ሰው የለም» አላለንም፤ «ማንም አልሄደም» ነው ያለን። በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያ አቅጣጫ በእግር ወጣን።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ይህን ሙያ ተማሩት፤ ለሥራም ለአገልግሎትም ይጠቅማችኋል። ስትሠሩ ግን ሁለት ነገር ያዙ። የሰውን ሕመምና ምሥጢር ካርታ ላይ አትጻፉ፤ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ይበቃል። ደግሞም በማብራሪያው ሣጥን ውስጥ «የተለካ» እና «የተገመተ» ከሚሉት በታች አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ገና ያልደረስንበት»። ከዚያም የሚቀጥለውን ጉዟችሁን ከዚያ ጀምሩ።