መሪዎች ደጅ የሚጠኑባት አገር

ይድረስ ለውድ ጋሼ፤

የእትዬ የጉልበት ሕመም ጋብ አለላቸው? ሜልቦርን ገብቼ ፉትስክሬይ እህቴ ቤት አርፌያለሁ። ሰፈሩን አይጠይቁኝ፤ ከባቡር ጣቢያው ወጣ ሲሉ እንጀራው፣ ቡናው፣ የኛው ፖለቲካም ሳይቀር ይጠብቅዎታል። እሱን እዚያም ስለማያጡት ልተወውና፣ እርስዎን ደስ ይልዎታል ብዬ ወዳሰብኩት ልግባ፤ የዚህ አገር ሠራተኛ ማኅበራትና ባለሀብቶች በፓርቲዎችና በመሪዎች ላይ ስላላቸው ጉልበት።

የፋብሪካው ማኅበር ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን አንዲት ማመልከቻ ይዛችሁ ከአንዱ ሚኒስቴር ወደ ሌላው ደጅ ስትጠኑ የከረማችሁትን ስንት ጊዜ አጫውተውናል! እዚህ ነገሩን ተገልብጦ አገኘሁት። ደጅ የሚጠናው መሪው ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 1963 ሌበር ፓርቲ ካንቤራ ውስጥ ኪንግስተን ሆቴል ጉባኤ ተቀምጧል። አጀንዳው አሜሪካ በምዕራብ አውስትራሊያ ጠረፍ ልትሠራው ያሰበችው የባሕር ኃይል መገናኛ ጣቢያ ነው። ይደገፍ ወይስ ይነቀፍ? የሚወስኑት ከየክፍለ ግዛቱ ስድስት ስድስት ሆነው የመጡ 36 ልዑካን ናቸው። የፓርቲው መሪ አርተር ካልዌልና ምክትላቸው ጎፍ ዊትላም ግን ከልዑካኑ ውስጥ የሉበትም። ስለዚህ ነገ አገር እንመራለን የሚሉት ሁለቱ ሰዎች በሌሊት ደጅ፣ የመንገድ መብራት ሥር ቆመው፣ ውስጥ ያሉት ምን እንደወሰኑላቸው ይጠባበቃሉ። ፎቶ አንሺ እንደዚያ እንደቆሙ አነሳቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ሜንዚስ እንዲህ ያለ ሲሳይ የሚያሳልፉ ሰው አልነበሩም፤ "36ቱ ፊት አልባ ወንዶች" የሚለው ስም አገሩን ሞላው፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ምርጫውን አሸነፉ። ከ36ቱ አንዷ ሴት ነበረች፤ በስድቡ ውስጥ እንኳ ቦታ አላገኘችም።

ለምን እንደዚያ ሊሆን ቻለ ቢሉኝ፣ ፓርቲውን የወለዱት ማኅበራቱ ስለሆኑ ነው። በ1891 የኩዊንስላንድ በግ ሸላቾች ትልቅ አድማ መትተው ተሸነፉ። ወታደር መጣባቸው፣ መሪዎቻቸው ታሰሩ። ከዚያ ሽንፈት የወጣው ሐሳብ፣ አድማ ብቻውን አይበቃም፣ ፓርላማ እንግባ የሚል ነበር። ባርካልዲን በምትባል ትንሽ ከተማ ሸላቾቹ ይሰበሰቡበት የነበረውን ዛፍ የፓርቲው መወለጃ አድርገው ይቆጥሩታል። በ2006 ሰው መርዝ አፍስሶበት ደርቋል።

እኔ እዚያ ድረስ አልሄድኩም፤ እዚሁ ካርልተን የሚገኘውን ትሬድስ ሆል የተባለውን የማኅበራቱን አዳራሽ አየሁ። የድንጋይ ደረጃው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የረገጠው ጫማ መሃል መሃሉን አጎድጉዶታል፤ ሲወጡ እግርዎ ራሱ ወደ ጎድጓዳው ይገባል። ከመንገዱ ማዶ አናቱ ላይ 888 የሚል ቁጥር የያዘ ሐውልት አለ፤ ስምንት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት መዝናኛ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት ማለት ነው። የሜልቦርን ግንበኞች በ1856 መሣሪያቸውን ጥለው ወጥተው ያስከበሩት መብት ነው። እርስዎ ቢያዩት ኮፍያዎን እንደሚያወልቁ አልጠራጠርም።

አሁንም በሌበር ጉባኤዎች ከልዑካኑ ግማሾቹ የማኅበራት ናቸው። እስከ 2002 ድረስ ከመቶ 60 ነበሩ፤ ሳይመን ክሪን የተባለው የያኔው መሪ ብዙ ተሟግቶ ወደ 50 አወረደው። የሚያስገርመው ክሪን ራሱ የአገሪቱ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንግሬስ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው! ከዚያው ወንበር ተነስቶ በ1983 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ቦብ ሆክም ነበር። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው፤ በ1970ዎቹ ከሠራተኛው ግማሽ ያህሉ የማኅበር አባል ነበር፣ በ2024 ከመቶ 13 ብቻ ቀርቷል። ከመቶ 13 ሠራተኛ ይዞ የአዳራሹን ግማሽ መያዝ! በ2013 ፓርቲው ለመጀመሪያ ጊዜ ተራ አባላቱን መሪ ሲያስመርጥ፣ ከአባላቱ ወደ 60 ከመቶ የሚሆኑት አንቶኒ አልባኒዚን አሉ፤ የፓርላማ አባላቱ ግን በ55 ለ31 የቀድሞውን የማኅበር መሪ ቢል ሾርተንን አሉ። ሾርተን አለፈ፣ ሁለት ምርጫም ተሸነፈ። አልባኒዚ ተራውን ጠብቆ ዛሬ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው።

ይህን ሁሉ ሳነብ ባለሀብቱስ የት ነው ያለው እያልኩ ነበር። ሜንዚስ በ1944 የመሠረቱት ሊበራል ፓርቲ የማኅበራት ዓይነት ወንበር ለኩባንያ አልሰጠም፤ ባለሀብት በጉባኤ ድምፅ የለውም። አያስፈልገውማ። በ2010 የሆነውን ልንገርዎት።

የሌበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ በሜይ መጀመሪያ ላይ በማዕድን ኩባንያዎች ትርፍ ላይ 40 ከመቶ ልዩ ግብር እጥላለሁ አለ። ኩባንያዎቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 22 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለማስታወቂያ አፈሰሱ። ፐርዝ ከተማ ሰልፍ ተጠራ፤ ኋላ የአገሪቱ ቀዳሚ ባለጸጋ የሆነችው የማዕድን ባለሀብት ጂና ራይንሃርት ዕንቁዋን አንገቷ ላይ እንዳጠለቀች የጭነት መኪና ላይ ወጥታ ግብሩ ይሰረዝ እያለች መፈክር አሰማች። ጋሼ፣ ሚሊየነር አደባባይ ወጥቶ ሲሰለፍ አይተው ያውቃሉ? ራድ ሌላም ጣጣ ነበረበት፤ ባልደረቦቹን አያከብርም ይባል ነበር፣ የአየር ንብረት ዕቅዱን አዘግይቶ ደጋፊው ሸሽቶታል። ብቻ ጁን 23 ማታ የአንድ ትልቅ ማኅበር መሪ የሆነው ፖል ሃውስ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ የራድን ምክትል ጁሊያ ጊላርድን እንደግፋለን አለ። በማግስቱ ራድ ወንበሩን ለቀቀ።

ልብ ይበሉልኝ፤ ባለሀብቱ ከውጭ አናወጠው፣ የማኅበሩ ሰው ከውስጥ ገፋው። ጊላርድ ሥልጣን እንደያዘች ከሦስቱ ግዙፍ ኩባንያዎች ጋር፣ ከቢኤችፒ፣ ከሪዮ ቲንቶና ከኤክስትራታ ጋር፣ ተቀምጣ ግብሩን ወደ 30 ከመቶ አወረደች፤ የሚመለከተውም የብረት ማዕድንና የድንጋይ ከሰል ብቻ ሆነ። በመጀመሪያው ስድስት ወር የተሰበሰበው 126 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር፤ በ2014 ደግሞ ተከታዩ መንግሥት ጭራሽ ሰረዘው።

ማኅበራቱም በተራቸው መሪ ጥለዋል። የሊበራሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ በ2005 የሠራተኛውን ከለላ የሚሸረሽር ሕግ ሲያወጣ ማኅበራቱ አገር አቀፍ ዘመቻ ከፈቱበት፤ በ2007 መንግሥቱንም የራሱን የምርጫ ወረዳም አጣ። ከሱ በፊት ወረዳውን ያጣ ጠቅላይ ሚኒስትር ስታንሊ ብሩስ ብቻ ነበር፤ በ1929 እሱም የሠራተኛውን የግልግል ሥርዓት ነክቶ። ብሩስን ያሸነፈው ማን ይመስልዎታል? ደረጃውን የነገርኩዎት የትሬድስ ሆል ጸሐፊ ሆሎዌይ።

ገንዘብ ብቻውን ግን ሁልጊዜ አያሸንፍም። ክላይቭ ፓልመር የተባለ የማዕድን ቱጃር በ2019 ምርጫ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ አንዲት ወንበር አላገኘም። እኔን የሚያሳስበኝ ጮክ ብሎ የሚረጨው ገንዘብ አይደለም፣ ዝም ብሎ የሚገባው ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ፊት፣ 100,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ በሱፐርማርኬት ፌስታል ተይዞ ሲድኒ የሌበር ጽሕፈት ቤት እንደገባ ምስክር ተናግሯል። ሰዎቹም በሁለቱ ወገን ይመላለሳሉ። ማርቲን ፈርጉሰን መጀመሪያ የማኅበራቱ ኮንግሬስ ፕሬዚዳንት፣ ቀጥሎ የሌበር የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስትር፣ በ2013 ከሚኒስትርነት በወረደበት ዓመት ደግሞ የነዳጅና ጋዝ ኩባንያዎች ማኅበር የአማካሪ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነ። በሊበራል በኩል ስኮት ሞሪሰን የገንዘብ ሚኒስትር ሳለ ፓርላማ ውስጥ የድንጋይ ከሰል አንስቶ አሳየ፤ እጅ እንዳያጠቁር ቀለም ተቀብቶ የቀረበለት ከማዕድን ኩባንያዎቹ ምክር ቤት ነበር።

የኔ ፍርድ ይኸው ነው። የማኅበራቱ ድርሻ በፓርቲው ደንብ ተጽፏል፤ ከ60 ወደ 50 ሲወርድ ሁሉም እያየ ነው። የባለሀብቱ ድርሻ በየትኛውም ደንብ አልሰፈረም፣ ስለዚህ እንደ ማኅበራቱ ድርሻ በጉባኤ ሊቀነስ አይችልም። ይህን ስል ማኅበራቱን ንጹሕ ማድረጌ አይደለም፤ በ2024 ራሱ የሌበር መንግሥት የግንባታ ሠራተኞቹን ማኅበር ወንጀለኞች ሰርገው ገብተውበታል በሚል ክስ በሞግዚት አስተዳደር ሥር አውሎታል። ዝም ብሎ የሚገባውን ገንዘብ በተመለከተም፣ በ2025 መጀመሪያ ፓርላማው ለፓርቲ የሚሰጥ ልገሳ ከ5,000 ዶላር ካለፈ ይገለጽ፣ በዓመትም ከአንድ ለጋሽ ከ50,000 አይለፍ የሚል ሕግ አውጥቷል። ሕጉ ሲወጣ ልገሳው 16,900 ዶላር እስኪያልፍ ድረስ ስም መግለጽ ግዴታ አልነበረም።

እህቴ ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ትሠራለች፣ የማኅበር አባልም ናት። ይህን ሁሉ ሳወራላት፣ "የማኅበሬን ተወካይ ስልክ አውቀዋለሁ፣ የማዕድን ኩባንያውን ባለቤት ስልክ ግን አላውቅም" አለችኝ፤ ክርክሩን በዚያ ዘጋችው።

እርስዎ ግን የነገሩን ሌላ ገጽ ያውቁታል። በደርግ ጊዜ ማኅበራችሁ መኢሠማ (የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር) ተብሎ መንግሥት ሠራተኛውን ሲያዝበት ኖረዋል፤ እዚህ ደግሞ ማኅበሩ ፓርቲውን ሲያዝ ያያሉ። ማኅበር ፓርቲ ያቁም ወይስ ከፓርቲ ርቆ ይቁም? መልስዎን በእትዬ ስልክ በድምፅ ቀድተው ይላኩልኝ፤ እህቴም ልትሰማው ትፈልጋለች።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ