የሐምሌ ሞገድና የቃሊቲ ኮንቴይነር

ቃሊቲ ተሳቢዎች በሚሰለፉበት በኩል የዋለ ሰው የባሕር ወሬ አያመልጠውም። «መርከቡ ገባ?» «ጅቡቲ ተራገፈ?» አስመጪው ትራንዚተሩን ይነዘንዛል፣ ትራንዚተሩ መርከቡን ያማል። ኮንቴይነሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ማዕዘኑ ላይ፣ መርከብ ውስጥ በሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ፣ ቀለሙ ተልጦ ዝገቱ ወጥቷል። የጨው ውሃ ሥራ ነው።

መዘግየቱን ሁሉ በማዕበል አላሳብብም፤ ሌላም ብዙ ምክንያት አለው። ግን ከእስያ የሚመጣ መርከብ የአረብ ባሕርን ማቋረጡ አይቀርም፤ ያ ባሕር ደግሞ ክረምት ላይ ሌላ ነው። እኛ ጃንጥላ ስንይዝ የደቡብ ምዕራቡ ሞንሱን ነፋስ የሶማሊያን ጠረፍ ይዞ ሽቅብ ይጋልባል። ሐምሌ ላይ መሐል ባሕሩ ላይ ያለው ሞገድ በአማካይ ከ3 ሜትር ያልፋል፤ ሚያዝያ ላይ ግን የዚያን ግማሽ ያህል ቢሆን ነው። የሶማሊያ ዓሣ አጥማጆች በክረምቱ ወራት ጀልባቸውን አሸዋ ላይ የሚያወጡት ወደው አይደለም።

የሞገዱን ቁመት የሚለካልን ሰማይ ላይ ያለ ራዳር ነው። ቶፔክስ/ፖሲዶን የተባለው የአሜሪካና የፈረንሳይ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1992 መጠቀ። ከዚያ ወዲህ ጄሰን 1፣ 2 እና 3፣ አሁን ደግሞ ሴንቲነል 6፣ በ1,336 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያንኑ መስመር በ10 ቀን አንዴ እየደገሙ ሲዞሩ ኖረዋል። ሳተላይቱ ቁልቁል ምት ይልክና ገደል ማሚቶውን ያዳምጣል። ባሕሩ ከረጋ ምቱ ባንዴ ይመለሳል። ሞገድ ካለ ግን አናቱን የመታው ቀድሞ፣ ሥሩን የመታው ዘግይቶ ስለሚደርስ ማሚቶው ይንዛዛል። ወደ ሜትር የሚቀየረው ይኸው መንዛዛቱ ነው። የሚገኘውም የአንድ ሞገድ ቁመት ሳይሆን፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ውስጥ ካሉት የትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ አማካይ ነው።

ወቅትን በዚህ መለየት ቀላል ነው፤ ጥቂት ዓመት ይበቃል። ጭንቁ የዓመታቱ ለውጥ ላይ ነው። በ10 ቀን አንዴ የሚያልፍ ሳተላይት የሁለት ቀን ማዕበል ጨርሶ ሊያመልጠው ይችላል። ለውጡም ኢምንት ነው። ኢያን ያንግና አጉስቲኑስ ሪባል እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የ33 ዓመት መረጃ መርምረው፣ በአንታርክቲካ ዙሪያ ባለው ውቅያኖስ ትልልቆቹ ሞገዶች በ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ማደጋቸውን ጻፉ። በዓመት 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው! መለኪያው ራሱ ትንሽ ቢዛነፍ ባሕሩ የተለወጠ ይመስላል። ለዚህም ሴንቲነል 6 እ.ኤ.አ. በ2020 ሲመጥቅ አሮጌውን ጄሰን 3 ወዲያው አላሰናበቱትም፤ አዲሱን በ30 ሴኮንድ ልዩነት አስከትለው አንድ ዓመት ያህል አብረው አስለኩ። እኔን ከሁሉ የማረከችኝ ይህቺ ጥንቃቄ ናት።

ያም ሆኖ ያንኑ መረጃ በሌላ መንገድ ያሰሉ ሰዎች የተለየ አዝማሚያ ያገኙባቸው ባሕሮች አሉ። ስለ ሐምሌው ሞገድ እምላለሁ፤ «ሞገድ እየጨመረ ነው» ለሚለኝ ግን የትኛው ባሕር፣ የስንት ዓመት ልኬት ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም።

እነዚሁ ራዳሮች ባሕር ብቻ ሳይሆን የጣናን ውሃ ከፍታም ሲለኩ ኖረዋል። የአቃቂው የአባ ሳሙኤል ግድብ ሐይቅ ግን ለነሱ ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የመጠቀው ስዎት የተባለው ሳተላይት ግን 250 ሜትር በ250 ሜትር የሆነ ውሃ ጭምር እንዲያይ ስለተሠራ አባ ሳሙኤልም ይገባበታል፤ ውሃው ላይ የተንሳፈፈው የእንቦጭ አረም ካላሳሳተው።