ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንጂ ጥበብ የላትም?

«ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንጂ የጥበብ ሕይወት የላትም» የምትለዋ ወሬ ዛሬም ስትዞር ዋለች። የተሳሳተው መለኪያው ይመስለኛል። ጋለሪና የቴአትር አዳራሽ ከተቆጠረ አዲስ አበባ ታሸንፋለች፣ ክርክር የለውም። ሒስ የሚባለውን ግን እንይ፦ አዝማሪ ቤት ውስጥ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ይቀበላል፤ ስንኙ ከሰነፈ ቤቱ ይስቃል። ከዚህ የፈጠነ የግጥም ሒስ የት አለ? በጎንደሩ በአታ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የአቋቋም ተማሪው መቋሚያውን ይዞ፣ ከከበሮና ጸናጽል ጋር ዜማን በእርምጃ ያጠናል።

«እሱማ አምልኮ ነው፣ ኪነ ጥበብ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ለአምልኮ መዋሉ እውነት ነው። ግን ከዚያው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቅኔን ተመልከቱ፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው፣ ሁሌም አዲስ ይፈለጋል። ይህ ፈጠራ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? (ስንቱ ዘመናዊ ገጣሚ ይህን ፈተና ያልፍ ይሆን?) ጉድለቱን የማየው ሌላ ቦታ፣ በዩኒቨርሲቲውና በጉባኤ ቤቱ (በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት) መራራቅ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት ሲጀምር ጉባኤ ቤቱ የቆየ ጎረቤቱ ነበር። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ቅኔን ከመጽሐፍ ብቻ ከሚያነብ አንድ ከሰዓት እዚያ ቢቀመጥ ይበጀዋል።

እናንተስ፣ የኔታ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ያስተምሩ ትላላችሁ ወይስ ተማሪው ወደ እሳቸው ይሂድ?