ሁለት ምክር ቤቶች፣ አንድ ጦር

ሚውንስተር፣ ምዕራብ ጀርመን

በአሮጌው ማዘጋጃ ቤት ያለው የሰላም አዳራሽ ግድግዳው በተቀረጸ እንጨት የተለበጠ ነው። ስፔንና ኔዘርላንድስ 80 ዓመት የዘለቀውን ጦርነታቸውን የቋጩበትን ውል በመሐላ ያጸደቁት እዚህ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1648 ነው (በማስታወሻዬ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኔዘርላንድስን ነፃነት ስፔን የተቀበለችው በዚሁ ውል ነው። ከአዳራሹ ወጥቼ ወደ ምዕራብ ሳዘግም የቤተ መንግሥቱ አደባባይ ደረስኩ። የጀርመንና የኔዘርላንድስ 1ኛ ኮር ዋና መምሪያ ያለው እዚያ ነው። በግንቦት 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ሮተርዳምን አጋይተዋት ነበር፤ 55 ዓመት ቆይቶ፣ በ1995፣ የሁለቱ አገሮች መኮንኖች በዚህ ኮር ሥር አብረው መሥራት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ትስስሩ እየጠበቀ ሄዷል። የኔዘርላንድስ ሦስቱም ተዋጊ ብርጌዶች በ2014፣ በ2016 እና በ2023 በየተራ ከጀርመን ክፍለ ጦሮች ጋር ተቀናጅተዋል። ኔዘርላንድስ በ2011 በበጀት ቅነሳ ምክንያት የታንክ ሻለቆቿን ለመበተን ወስና ነበር። ዛሬ ታንከኞቿ በሰሜን ጀርመን በሰፈረው 414ኛ የታንክ ሻለቃ ውስጥ ከጀርመኖች ጋር ጎን ለጎን ያገለግላሉ።

እንዲህ ያለውን ሻለቃ ወደ ጦር ቀጠና የሚልከው ማን ነው? ሥልጠናውን አዛዡ ይመራዋል። ስምሪቱን የሚወስኑት ግን ሁለት መንግሥታት ናቸው፤ ከኋላቸውም ሁለት ፓርላማዎች አሉ። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች አንዱ ሲቆም እርሻው ይቆማል። መልሱን ፍለጋ ወደ ሁለቱ ምክር ቤቶች አመራሁ።

ሄግ

የቢነንሆፍ ጥንታዊ ግቢ በእድሳት ላይ ስለሆነ 150ዎቹ የታችኛው ምክር ቤት አባላት የሚሰበሰቡት በጊዜያዊ ሕንፃ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 100 ዓለም አቀፍ ሕጋዊ ሥርዓትን ለማስጠበቅ ጦር ከመላኩ በፊት መንግሥት ለፓርላማው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በሕጉ ፊት ይህ ማሳወቅ እንጂ ማስፈቀድ አይደለም። በተግባር ግን ጦር አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክርክር አይወጣም።

ይህ ጥንቃቄ በከባድ ዋጋ የተገኘ ነው። በሐምሌ 1995 በቦስኒያዋ ስሬብሬኒትሳ የተባበሩት መንግሥታትን ሰማያዊ ቆብ ያጠለቀው የኔዘርላንድስ ሻለቃ እዚያው እያለ ከተማዋ ወደቀች፤ ከ8,000 በላይ የቦስኒያ ሙስሊም ወንዶችና ታዳጊዎች ተጨፈጨፉ። በ2002 በዚህ ጉዳይ ላይ የምርመራ ሪፖርት ሲወጣ የጠቅላይ ሚኒስትር ዊም ኮክ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። በየካቲት 2010 ደግሞ በአፍጋኒስታን ኡሩዝጋን ያለው ተልእኮ ይራዘም አይራዘም በሚለው ክርክር ሌላ መንግሥት ፈረሰ።

በርሊን

በፓርላማው ሕንፃ፣ በራይሽታግ፣ ደጃፍ ላይ «ለጀርመን ሕዝብ» የሚለው ጽሑፍ የተሠራው በናፖሊዮን ዘመን ከፈረንሳይ የተማረኩ መድፎች ቀልጠው ነው። የመስታወቱ ጉልላት ላይ የወጣ ማንኛውም ጎብኚ ቁልቁል የሕዝብ እንደራሴዎቹን መቀመጫ ያያል።

እዚህ የፓርላማው ሥልጣን ከሄግ ይከብዳል። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 1994 የታጠቀ ጦር ወደ ውጭ የሚላከው በፓርላማው፣ በቡንደስታግ፣ ፈቃድ ብቻ ነው ብሎ ወሰነ፤ በ2005 አሠራሩ በሕግ ተደነገገ። ፓርላማው የመንግሥትን ጥያቄ ይቀበላል ወይም ይጥላል፤ የሰጠውን ፈቃድም መልሶ ማንሳት ይችላል። አዋክስ በተባሉት የኔቶ የቅኝት አውሮፕላኖች ከሌሎች አገሮች ወታደሮች ጋር የሚሠሩ ጀርመናውያን በ2003 በቱርክ ሰማይ ላይ ሲሰማሩ መንግሥት ፓርላማውን አልጠየቀም ነበር። በ2008 ፍርድ ቤቱ መንግሥት ፓርላማውን መጠየቅ ነበረበት አለ። በ2011 ደግሞ ጀርመን በሊቢያው ዘመቻ ላለመሳተፍ ወስና ሠራተኞቿን ከእነዚሁ አውሮፕላኖች አስወጣች። የአንድ አገር እምቢታ የጋራውን አውሮፕላን እንዴት እንደሚያጎድል ያኔ በገሃድ ታየ።

ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ፓርላማ ጦርን ያዘገያል ይላሉ። እኔ አልስማማም። የጀርመኑ ሕግ አደጋ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ወታደሩ ቀድሞ እንዲሄድ፣ ፈቃዱም ኋላ እንዲጠየቅ ይፈቅዳል። ጉዳቱ የሚመጣው እንደራሴዎቹ በቀውስ ቀን ብቻ ሲጠሩ ነው። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ፎልከር ሩኸ የመሩት ኮሚሽን በ2015 ሪፖርቱ ጀርመን በጋራ ጦሮች ምን ያህል ከሌሎች ጋር እንደተሳሰረች መንግሥት ለቡንደስታግ በየጊዜው እንዲያስረዳ ሐሳብ ማቅረቡ ትክክል ነው።

ብርጌድ ከብርጌድ ሲቀናጅ የሄግና የበርሊን የመከላከያ ኮሚቴዎችም በአንድ ጠረጴዛ ሊቀመጡ ይገባል። አንዱ ምክር ቤት የሌላውን ቀይ መስመር አስቀድሞ ይወቅ፤ ልዩነታቸውንም በሰላሙ ጊዜ ይጨርሱ። ልጁን ለጋራ ጦር የሰጠ ወላጅ፣ ስምሪቱን ስማቸውንና ድምፃቸውን የሚያውቃቸው ሰዎች በአደባባይ ተከራክረው እንዲወስኑለት መጠየቅ መብቱ ነው። የጋራ ጦር የሚጸናው ይህ መብት ድንበር ሲሻገር ሳይጠፋ ሲቀር ነው።