አማና የሆነ ወረቀትና ያልጠራነው አንባቢ



ሥራዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ የአስመጪዎችን ዶክመንት ማዘጋጀት ነው። ቀኑን ሙሉ ብሮውዘር ላይ ነኝ፤ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ዲክላራሲዮን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። በቅርቡ ደግሞ ገጹ ጥግ ላይ ማንም ያልጠራው ረዳት መጥቶ ተቀምጧል። «ላጠቃልልልህ? ልጻፍልህ?» ይላል።

እኔ አጥፍቼዋለሁ። ቴክኖሎጂ ጠልቼ አይደለም።

አንደኛ፣ ስክሪኔ ላይ ያለው ወረቀት የኔ አይደለም። ነጋዴው ዕቃውን ከማን፣ በስንት ዶላር እንደገዛ፣ የግብር ከፋይ ቁጥሩም ሳይቀር እዚያ አለ። «አጠቃልልልኝ» ስንል የገጹ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይሄዳል። ባለቤቱ ወረቀቱን የሰጠው ለኔ ነው፤ ለሌላ እንዳሳይ አልፈቀደልኝም። እኛ ይህን አማና እንለዋለን። ሀገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች።

ሁለተኛ፣ የኮንቴይነር ቁጥር 4 ፊደልና 7 አኃዝ ነው፤ የመጨረሻዋ አኃዝ የቀደሙት በትክክል መጻፋቸው የሚፈተሽባት ናት። ኤአይ ደግሞ የተሳሳተ ቁጥርም በሙሉ ልብ ይጽፋል። አንዲት አኃዝ እስክትታረም ዕቃው ይቆማል፣ ኪራዩ ይቆጥራል። ከፋዩ ነጋዴው ነው።

«ሥራ ያፈጥናል እኮ» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እውነት ነው። ለራሳችሁ ጽሑፍ ተጠቀሙበት፤ በሰው ወረቀት ላይ ግን ፈቃዱ የባለቤቱ ነው።

አጠፋፉ ከባድ አይደለም። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2026 በወጣው 148ኛ ስሪቱ ሴቲንግ ውስጥ የኤአይ መቆጣጠሪያ አስገብቷል። አንዷን ማብሪያ ስትነኩ ያሉትም ወደፊት የሚጨመሩትም ይዘጋሉ። ትርጉም የሚፈልግ እሱን ለብቻው መክፈት ይችላል፤ የሚተረጎመው እዚያው ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ነው። ክሮም ላይ ጀሚናይን፣ ኤጅ ላይ ኮፓይለትን ሴቲንግ ውስጥ ፈልጋችሁ አንድ በአንድ አጥፉ። አፕዴት ባደረጋችሁ ቁጥር ደግማችሁ እዩ።

ይህን ሁሉ ዘግታችሁ ዶክመንቱን በእጃችሁ ቻትቦት ላይ ከለጠፋችሁት ግን ምንም አልዘጋችሁም።

ባንክ፣ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት የምትሠሩ ወጣቶች፣ እናንተም ዘንድ የሰው ወረቀት አለ። ዛሬውኑ ሴቲንጋችሁን ክፈቱና እዩት፤ አጠገባችሁ ላለው ባልደረባም አሳዩት።